የታመመው እስረኛና የእኛ ኃላፊነት

ጌታችን ስለ መጨረሻው ፍርድ ባስተማረበት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የታመመውንና የታሰረውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ራሱን በሁለቱም ውስጥ ያሳየናል። እንግዲህ አንድ ሰው ታስሮ ሳለ ቢታመም ኃላፊነታችን ምን ያህል ይከብዳል? በዚህ ትምህርት ይህን እናስተውላለን።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጠ በኋላ፣ ሁሉም ርቀቱን እንዲጠብቅና እጁን እንዲታጠብ ታዘዘ። በጠባብ ክፍል ተጨናንቀው ለሚያድሩ ግን ይህ እንዴት ይቻላል? መንግሥት ችግሩን ተረድቶ በዚያው ወር ከ4,000 በላይ ታራሚዎችን በይቅርታ ለመፍታት ወሰነ። ይህ መልካም ሥራ ነበር። ሆኖም ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በተነሣው ሁከት፣ ወረርሽኙ ሳይበርድ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንደ ገና ታሰሩ።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል፣ በፖሊስ ጣቢያ የተያዘ ሰው ስንቁን በአብዛኛው የሚጠብቀው ከቤተሰቡ ነው። ጉብኝት ሲታገድ በሽታው እንዳይገባ በሩ ይዘጋል፤ ነገር ግን ምግቡ፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒቱም የሚገባው በዚያው በር ነው። የልጇን መክሳትና ማሳል ከሁሉ አስቀድማ የምታየው እናትም ከደጅ ትቀራለች። ስለዚህ ጉብኝትን የሚያግድ ሁሉ ቤተሰብ ይሰጥ የነበረውን እንክብካቤ ራሱ ሊተካ ይገባዋል።

ሕጉም ይህንኑ ይደግፋል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 21 የተያዙና የታሰሩ ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸው እንዲጠበቅ፣ ቤተሰብ፣ ሐኪምና የሃይማኖት አማካሪም እንዲጎበኛቸው መብት ይሰጣል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦችም እስረኛ በውጭ ካለው ሰው እኩል ሕክምና እንዲያገኝ ያዝዛሉ። ኔልሰን ማንዴላ፣ በ1962 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት፣ በ1988 እ.ኤ.አ. በእስር ላይ ሳሉ በሳንባ ነቀርሳ ታመው ሆስፒታል ገብተው ድነዋል። ፍርድ ነጻነትን ይወስዳል እንጂ ጤናን አይወስድም፤ ገና ያልተፈረደበትማ እንዴት ይብስ!

በ2017 ዓ.ም. ያረፉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም መጋቢት 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በቅዳሴያቸው በተጨናነቁ እስር ቤቶች ስላሉት ጸልየዋል። በዚያው ዓመት የስቅለት ዓርብ የመስቀል መንገድ አስተንትኖም የተዘጋጀው በኢጣልያ በፓዶቫ እስር ቤት ማኅበረሰብ ነበር።

እኛስ ምን እናድርግ? በየቁምስናችን የታሰረ ሰው ያለበትን ቤተሰብ እንወቅ፤ ስንቅና መድኃኒት ለማድረስ አቅም ላነሰው እናግዝ፤ የታመመ እስረኛ መኖሩን ስንሰማ ለጣቢያው ኃላፊና ለጤና ባለሙያ በትሕትና፣ ግን ሳንፈራ እናሳውቅ። ጥፋቱ ምን እንደ ሆነ መመርመር የዳኛ ሥራ ነው፤ የእኛ ሥራ መጎብኘት ነው።

ለውይይት፦ በአካባቢያችን ካለው ማረፊያ ቤት ደጅ ለመጨረሻ ጊዜ የደረስነው መቼ ነው?