ሐሺሽ ከተተወ በኋላ

«ሐሺሽ አቁም» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ካቆሙ በኋላ ምን እንደሚከተል የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ያቆመው ወጣት እንቅልፍ ሲነሣውና ሲጨነቅ «ላብድ ነው» ብሎ ይደነግጥና ወደ ተወው ነገር ይመለሳል። ይህ እንዳይሆን ጉዳዩን ከሥሩ እንመልከት።

በሐሺሽ ውስጥ ያለውን አደንዛዥ ንጥረ ነገር (ቲ.ኤች.ሲ.) በ1964 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ለይተው ያወጡት ራፋኤል መሹላምና የሺኤል ጋኦኒ የተባሉ እስራኤላውያን ሊቃውንት ናቸው። ይህ ንጥረ ነገር በሰውነት ስብ ውስጥ ተከማችቶ ቀስ በቀስ ነው የሚወጣው። አዘውትሮ ያጨሰ ሰው አንጎልም ከእርሱ ጋር ተላምዷል፤ ወደ ቀድሞ ሥርዓቱ ለመመለስ 4 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል።

ብስጭት፣ ጭንቀት፣ ላብና የምግብ ፍላጎት ማጣት ባቆሙ በ1 ወይም በ2 ቀን ይጀምራሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታሉ፤ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ አብዛኞቹ ይቀላሉ። የእንቅልፍ ችግር ግን ከወር በላይ ሊቆይ ይችላል። ሐሺሹ ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል አፍኖት ስለ ነበር፣ ሲተው አስፈሪ ሕልም ይበዛል። ይህ ሁሉ የማገገም ምልክት እንጂ የእብደት መጀመሪያ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ/ ሌሊቱን ባንተኛም ጠዋት በአንድ ሰዓት መነሣት፤ ከቀትር በኋላ ቡና አለመጠጣት።

2ኛ/ በየቀኑ በእግር መሄድ ወይም ኳስ መጫወት፤ ምግብ ባያሰኘንም ጥቂት ጥቂት መቅመስ።

3ኛ/ አምሮቱ ሲመጣ ቦታ መለወጥና ሥራ መያዝ፤ ጥቂት ታግሠን ካሳለፍነው ይበርዳል።

4ኛ/ ሐሺሹን በአረቄ ወይም በጫት አለመተካት፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ክኒን አለመውሰድ።

5ኛ/ ለምናምነው ሰው መናገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ነገር ግን ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ሰዎች የሚያሳድዱት የሚመስለው ወይም ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ «ይተወዋል» ብሎ ወር መጠበቅ አይገባም። በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ብቻውንም አንስደደው።

ያቆመ ጓደኛ ቢነጫነጭብን «ጠባዩ ተበላሸ» ብለን አንሽሸው። ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ሳምንት ነውና፣ በዚያ ሳምንት አብሮት የሚራመድ ሰው ያስፈልገዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።