ዘውድ ወይስ ጎፈር? ከማካፈል በፊት መቁጠር

ስዊድን፣ ስቶክሆልም አጠገብ ባለችው ፍሌሚንግስቤሪ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ለሒሳብ ብሔራዊ ፈተና እየተዘጋጀ አንድ አዛውንት ይጠይቃል።

ወጣቱ፦ አባባ፣ ሁለት ሳንቲም ቢወረወር ቢያንስ አንዱ ዘውድ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? እኔ 2/3 አልኩ። ወይ ሁለት ዘውድ፣ ወይ አንድ፣ ወይ ምንም፤ ከሦስቱ ሁለቱ ይሆኑልኛል። የመጽሐፉ መልስ ግን 3/4 ይላል።

አዛውንቱ፦ አይዞህ ልጄ፣ አንተን የጣለህ ድንጋይ ትልቅ ሰውም ጥሏል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዳላምቤር በ1754 እ.ኤ.አ. በታላቁ የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፒዲያ ስለዚሁ ጨዋታ ሲጽፍ ለ2/3 ተሟግቷል። ክርክሩ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የተወረወረው ዘውድ ከወጣ ጨዋታው ያበቃል፣ ሁለተኛ መወርወር አያስፈልግም። ስለዚህ ያሉት ሦስት መንገዶች ብቻ ናቸው፦ ዘውድ፣ ጎፈርና ዘውድ፣ ጎፈርና ጎፈር። ብዙዎች ይህን እያነሱ ይስቁበታል፤ እኔ አልስቅም። ሰውየው ማካፈል አላቃተውም፣ መንገዶቹንም አላጎደለም። የሳተው ሦስቱን እኩል አድርጎ መያዙ ላይ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ብቻውን ግማሹን ይወስዳል፤ የቀሩት ሁለቱ ሩብ ሩብ ይደርሳቸዋል። ግማሽና ሩብ ሲደመር 3/4 ነው። በሦስት መንገድ መቁጠር ነውር የለውም፤ ነውሩ ሳይመዝኑ ለሦስት ማካፈል ነው።

ወጣቱ፦ ሁለቱ ሳንቲሞች ግን አንድ ዓይነት ናቸው። "ዘውድና ጎፈር"ን ከ"ጎፈርና ዘውድ" ምን ለያቸው?

አዛውንቱ፦ አንዱን የስዊድን ክሩና፣ ሌላውን የኢትዮጵያ ብር አድርግና ወረቀት ላይ ጻፍ። ሁለቱም ዘውድ፤ ክሩናው ዘውድ ብሩ ጎፈር፤ ክሩናው ጎፈር ብሩ ዘውድ፤ ሁለቱም ጎፈር። አራት ሆኑ። አሁን ብሩን በሌላ ክሩና ተካው፤ ያንተ ዓይን መለየት ስላቃተው ሳንቲሞቹ አወዳደቃቸውን አይለውጡም። "ወርውሬ ልየው" ብትለኝም በ20 ጊዜ ብቻ አትፍረድ፤ ባንተ ስሌት 13 ያህል፣ በትክክለኛው 15 ይጠበቃል፣ ያ ልዩነት በአጋጣሚ ይዋጣል። 1000 ጊዜ ብትወረውር ግን ወደ 750 እንጂ ወደ 667 አይጠጋም።

ወጣቱ፦ ታዲያ ለምሳሌ ባቡር ወይ ይዘገያል ወይ አይዘገይም፤ ግማሽ በግማሽ አይደለም?

አዛውንቱ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው! ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ "ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም" ብለው 50 በመቶ ይፈርዳሉ። እንደዚያማ ቢሆን የሎተሪ ቲኬት የቆረጠ ሁሉ ግማሽ ሚሊየነር ነበር። የባቡሩ ሁለት ውጤቶች እኩል ለመሆናቸው ማስረጃ የለህም፤ ያለህ ማስረጃ ባለፉት ብዙ ቀናት ስንት ጊዜ እንደዘገየ መቁጠር ነው። "ዕድል" ስንል ዕጣ ፈንታ ስለሚመስለን እንጂ እናቶቻችን በእቁብ ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ዕጣው የሚጻፍበት ወረቀት እኩል ተቆርጦ እኩል የሚጠቀለለው ለምን ይመስልሃል? አሥራ ሁለት ሰው ባለበት እቁብ አንዷ ሁለት ዕጣ ከገባች ወረቀቱ 13 ነው፤ የእሷ ዕድል 2/13፣ የሌላው 1/13። ሰው ቆጥሮ "1/12" የሚል እቁብተኛ ዳላምቤርን ደገመው ማለት ነው። የሒሳብ ሊቃውንቱ ፓስካልና ፌርማ በ1654 እ.ኤ.አ. ስለ ዕድል ስሌት በደብዳቤ ከተጻጻፉ ወዲህ፣ እዚሁ ስቶክሆልም የሒሳብ ሊቁ ሃራልድ ክራሜር ያስተማረውን ጨምሮ ትምህርቱ እጅግ ሰፍቷል፤ ከማካፈል በፊት መመዘን የሚለው መሠረቱ ግን አልተነቃነቀም።

ወጣቱ፦ መጽሐፉ ግን በአንድ መስመር ጨርሶታል፦ የሚፈለገው ሲካፈል ለሚቻለው።

አዛውንቱ፦ መስመሩ ልክ ነው፤ የሚሠራው ግን የሚቻሉት ሁሉ እኩል ዕድል ሲኖራቸው ብቻ ነው። ተማሪ ቀመሩን ሸምድዶ ይህን ቅድመ ሁኔታ ከጣለ የያዘው ገለባውን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዘርዝር፣ ቀጥለህ እኩልነታቸውን መርምር፤ ማካፈል መጨረሻ ነው።