ወንድምሽ ለፈተና እንዲጠራ

እሑድ እሑድ እዚህ ሊባኖስ በዛልቃና በዶራ ስንገናኝ፣ ከቤት ኪራይና ከማዳም ወሬ ቀጥሎ የሚነሳው የታናናሾቻችን ጉዳይ ነው። «ከፍዬ አስተማርኩት፣ በአካውንቲንግ ተመረቀ፣ ይኸው እስካሁን ቤት ተቀምጧል» የምትል እህት በየሰፈሩ አለች። ድካምሽ ይገባኛል። ቢሆንም ተስፋ አትቁረጪ! ቀጣሪዎች ከአመልካች ብዛት ውስጥ ለፈተና የሚጠሩትን የሚለዩበት መንገድ የታወቀ ነው፤ አብዛኛውም ወንድምሽ ከዛሬ ጀምሮ ሊያስተካክለው የሚችለው ነገር ነው።

አገር ቤት አንድ ባንክ ለአዲስ ምሩቃን ማስታወቂያ ሲያወጣ ማመልከቻው ይጎርፋል። የሰው ኃይል ክፍሉ መጀመሪያ ወረቀቱን የሚያየው ለመቀነስ ነው። የትምህርት መስክ፣ የምረቃ ዓመት፣ ጂፒኤ ይታያል፤ ከተጠየቀው በታች የሆነ ያኔውኑ ይወጣል። አመልካች ሲበዛ ደግሞ መነሻ ነጥቡ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ጂፒኤው ዝቅ ያለ ልጅ ጉልበቱን ሁሉ ባንክ በር ላይ መጨረስ የለበትም። የኦዲት ቢሮዎች፣ አስመጪዎችና ፋብሪካዎች አሉ፤ እዚያ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ምን መሥራት ትችላለህ?» ነው። ከትንሽ ኦዲት ቢሮ መጀመር ውርደት አይደለም፤ የብዙ ድርጅቶችን መዝገብ ባንድ ጊዜ የሚያዩበት ትምህርት ቤት ነው።

ከጂፒኤውም በፊት ተማሪው ሊመረቅ ሲል የሚወስደው የመውጫ ፈተና አለ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ፣ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ያላለፈ ዲግሪውን አይወስድም፣ ጊዜያዊ ዲግሪ (ቴምፖራሪ) የሌለው ደግሞ ከመጀመሪያው ወንፊት አያልፍም። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ ብዬ አይደለም። ገንዘብሽ የሚሄደው ወደ ግል ኮሌጅ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ክፍያ ከመላክሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ኮሌጁ ለዚህ የትምህርት መስክ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና አለው ወይ? ከአካውንቲንግ ተማሪዎቹስ ምን ያህሉ የመውጫ ፈተናውን አለፉ? ላቡን ያፈሰሰ ሰው የመጠየቅ መብት አለው። ወድቆ ከሆነም ድጋሚ መፈተን ይቻላል፤ ቁጭ ብሎ ያጥና፣ ያልፋል!

አሁን ወደ ሲቪው። ወንድምሽን በዋትስአፕ እንዲልክልሽ ጠይቂውና አንብቢው። «ኢንተርንሺፕ፦ በአንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል፣ ሁለት ወር» የሚል መስመር ታገኚ ይሆናል። ምን እንደሠራ አይናገርም። እዚያ ሳለ የባንክ ስቴትመንቱን ከድርጅቱ መዝገብ ጋር አስታርቆ፣ ወጪ ሆኖ ባንክ ያልደረሰ ቼክ አግኝቶ እንደሆነስ? እንደዚያ ብሎ ይጻፈው፦ «የሁለት ወር ባንክ ሪኮንሲሌሽን ሠርቻለሁ፤ ደረሰኞችን ከቫውቸር ጋር አመሳክሬያለሁ፤ የደሞዝ ሰሌዳ በማዘጋጀት አግዣለሁ።» ሥራው ያው ነው፣ አሁን ግን ይታያል። ስሙም በመታወቂያው፣ በስቱደንት ኮፒውና በሲቪው ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ይኑረው። በገዛ ወረቀቱ ላይ ስሙን የተሳሳተ ልጅን ማን ሒሳብ ያስይዘዋል?

ለፈተና የተጠራ ልጅ ደግሞ መዘጋጀት አለበት። የባንክ የጽሑፍ ፈተና ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ፣ የቁጥር ስሌትና የማመዛዘን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። በግል ድርጅት ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው ኤክሴልና ፒችትሪ ሊያሠሩት ይችላሉ። የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ መሆኑን፣ ለጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እንደሚከፈል ሳያመነታ ይመልስ። ገና ተማሪ ከሆነማ ዕድሉ የበለጠ ሰፊ ነው፤ ደረጃ ዶት ኮምን የመሳሰሉ ተቋማት በየዩኒቨርሲቲው በሚያዘጋጁት የሥራ አውደ ርዕይ ላይ ቀጣሪዎቹ ራሳቸው ግቢ ድረስ ይመጣሉ። ያን ቀን ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ሲቪውን ይዞ ይገኝ።

አንቺስ? ከመካከላችን የአካውንቲንግ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣ የመጣች አለች፤ ለእሷም የምለው አለኝ። አንድ ዶላር ለሃያ ዓመት ያህል 1,500 ሊራ ገደማ ቆይቶ ወደ 89,500 ሲደርስ፣ ደሞዝሽን በየትኛው ገንዘብ እንደምትይዢ፣ መቼ እንደምትመነዝሪ፣ ስንት እንደከሰርሽ በየወሩ አስልተሻል። የውጭ ምንዛሪ ልዩነትን ሌላው በመጽሐፍ ሲማር አንቺ ኖረሽዋል። የዕቁብ ደብተር የምትይዢውም አንቺ ነሽ፤ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ዕጣው ለማን ወጣ ብሎ ሁሉም የሚጠይቀው አንቺን ነው። አገር ገብተሽ ስታመለክቺ እነዚያን ዓመታት ባዶ አድርገሽ አትለፊያቸው፤ ያስተዳደርሽውን ገንዘብና የያዝሽውን መዝገብ በግልጽ ጻፊ። እስከዚያው ደግሞ ፋታ ባገኘሽ ማታ በስልክሽ ኤክሴል ተለማመጂ፤ በነፃ የሚያስተምር ቪዲዮ ሞልቷል።

እህቴ፣ በዚህ እሑድ ወደ ቤት ስትደውዪ «ሥራ አገኘህ?» ብለሽ አትጠይቂው። «ሲቪህን ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን» በይው።