ተደብቋል ወይስ ተቆልፏል?

ልጅቷ፦ ጋሼ፣ የቤተሰቡን ፎቶ ድረ ገጼ ላይ ለብቻው ፎልደር ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የትም ገጽ ላይ ሊንክ የለውም፤ ጉግል እንዳይገባበትም ሮቦትስ ፋይሉ ላይ ጽፌያለሁ። ይበቃል አይደል?

ጋሼ፦ ደበቅሽው እንጂ አልቆለፍሽውም። ሮቦትስ እኮ ማንም ከፍቶ የሚያነበው ፋይል ነው፤ የፎልደሩን ስም ራስሽ ነገርሽ። ጉግል ቢታዘዝሽ ሌባ አይታዘዝሽም።

ልጅቷ፦ ታዲያ በምን ልቆልፈው?

ጋሼ፦ ሰርቨርሽ አፓቼ ከሆነ፣ እዚያው ፎልደር ውስጥ በነጥብ የሚጀምር ኤችቲአክሰስ የሚባል ፋይል ፍጠሪ። አራት መስመር ይበቃዋል፦ የማረጋገጫው ዓይነት ቤዚክ መሆኑ፣ የክፍሉ ስም፣ ፓስወርዶቹ ያሉበት ፋይል ሙሉ አድራሻ፣ ከተመዘገበ ሰው በቀር ማንም እንዳይገባ የሚያዘው መስመር። ያልተመዘገበ ሰው 401 የሚል የክልከላ መልስ ይመለስለታል።

ልጅቷ፦ የፓስወርዱን ፋይልስ እዚያው ላድርገው?

ጋሼ፦ ኧረ በፍጹም! ከድረ ገጹ ፎልደር ውጭ፣ ብራውዘር ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጪው። ኤችቲፓስወርድ በሚባለው ትእዛዝ ትሠሪዋለሽ። ትልቁን የእንግሊዝኛ ቢ ጨምሪበት፤ ፓስወርዱን በቢክሪፕት ወደማይመለስ ኮድ ይቀይረዋል። ትንሿን ሲ ግን ፋይሉን ስትፈጥሪ ብቻ ተጠቀሚባት። ሁለተኛ ሰው ስትመዘግቢ ከደገምሻት ፋይሉ እንደ አዲስ ይጻፋል፤ የቀድሞው ስም ድራሹ ይጠፋል።

ልጅቷ፦ ይህን ሁሉ አድርጌ ፓስወርድ ባይጠይቀኝስ?

ጋሼ፦ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አላው ኦቨርራይድ ከሚባለው ሴቲንግ ነው። እሱ «ነን» ከተባለ አፓቼ ፋይልሽን ዞር ብሎም አያየው። ሰርቨሩን የተከራየሽው ከሆነ አከራዮቹን ጠይቂ። ኢንጂንኤክስ የሚባለው ሰርቨር ደግሞ ኤችቲአክሰስን ጨርሶ አያነብም፤ ቁልፉ የሚጻፈው በራሱ ሴቲንግ ላይ ነው።

ልጅቷ፦ ከዚህ በኋላ አልሰጋም ማለት ነው?

ጋሼ፦ ኤችቲቲፒኤስ አለሽ?

ልጅቷ፦ የለኝም። ለፎቶ ምን ያደርጋል ብዬ…

ጋሼ፦ ቤዚክ ፓስወርድሽን አይመሰጥረውም። በቤዝ 64 ይጽፈዋል፤ እሱን ደግሞ ማንም መልሶ ያነበዋል። ያውም አንዴ ልኮ አይተውም፤ ከዚያ ፎልደር አንድ ፎቶ በተጠራ ቁጥር አብሮ ይጓዛል። በካፌ ዋይፋይ ላይ አድፍጦ የተቀመጠ ሰው መንገድ ላይ ይለቅመዋል። የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬቱን ሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ ይሰጣል፤ መጀመሪያ እሱን አስገቢ።

ልጅቷ፦ ሎግ አውቱስ የት ነው?

ጋሼ፦ የለውም። ብራውዘሩ እስኪዘጋ ፓስወርዱን ይዞ ይቆያል። አክስትሽ ኢንተርኔት ካፌ ገብተው ካዩ፣ ሲጨርሱ ብራውዘሩን ሙሉ በሙሉ እንዲዘጉት ንገሪያቸው።

ልጅቷ፦ እሺ፣ ሰርተፊኬቱን ነገ አስገባዋለሁ።

ጋሼ፦ ፎቶዎቹን ግን ዛሬውኑ ከድረ ገጹ ላይ አንሺያቸው።