«ስንት ይከፈልህ?» ሲሉህ፦ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የመልስ አዘገጃጀት

ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ሙያውን ስላላወቀ አይደለም። ማስረጃው ታይቶ፣ የጽሑፍ ፈተናውን አልፎ ነው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው። የሚጥለው ይሉኝታ ነው። ብቻውን የሠራውን «ሠራን» ይላል፤ የሚፈልገውን ደመወዝ ሲጠይቁት «እናንተ ያያችሁትን» ይላል፤ ያልገባውን ጥያቄ እንደገባው ሆኖ ይመልሳል። በቤተ ዘመድ መካከል ጨዋነት የሚባለው ይህ ጠባይ፣ ሦስትና አራት ሆነው ነጥብ በሚሰጡ ሰዎች ፊት ነጥብ የማይያዝበት መልስ ሆኖ ይቀራል።

ልደታ ለምንኖር ሰዎች ነገሩ ሩቅ አይደለም። ወደ ሰንጋ ተራ ብንወጣ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ምድብ ችሎቱ ዙሪያ የጠበቆች ቢሮዎች ሞልተዋል፤ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ደግሞ በየዓመቱ የሚመረቁ ልጆች አሉ። የሚከተለው ለእነዚህ ልጆች በየደረጃው የምነግራቸው ነው። የደመወዙን ክፍል ያስረዘምኩት እኔንም ዋጋ ያስከፈለኝ እሱ በመሆኑ ነው።

1. ማስታወቂያውንና ሲቪህን ጎን ለጎን አንብብ

ማስታወቂያው ላይ ከተዘረዘረው እያንዳንዱ የሥራ ድርሻ አጠገብ፣ አንተ የሠራኸውን አንድ ነገር በእጅህ ጻፍ። ልምድ ከሌለህ የመመረቂያ ሥራህም ሆነ የተለማመድክበት መሥሪያ ቤት ይበቃል። ሲቪህን ከጽሕፈትና ኮፒ ቤት ያሠራህ ከሆነ፣ ጸሐፊው ከሌላ ሰው ፋይል ገልብጦ ያስገባውን መስመር ፈልገህ አውጣ። «ኤክሴል፦ በጣም ጥሩ» የሚል ካለበት «እስቲ ቪሉክአፕ ለምን እንደሚጠቅም ንገረን» መባል አለ። ልታስረዳው የማትችለው ቃል ሲቪህ ላይ አይደር።

2. ሰዓቱን ደውለህ አረጋግጥ

መልእክቱ በእንግሊዝኛ ከመጣ «9:00» የሚለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ደውለህ «በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለትዎ ነው?» በል፤ ማንም አይቀየምህም። ወር በገባ በ1 ቀን ከተጠራህ ደግሞ ጠዋት ልደታ ማርያም አካባቢ መንገዱ በምእመናን ስለሚሞላ ከወትሮው ቀደም ብለህ ውጣ።

3. «ስለ ራስህ ንገረን»

የትውልድ ቦታህን፣ የቤተሰብህን ብዛትና የተማርክባቸውን ትምህርት ቤቶች በሙሉ እየጠየቁህ አይደለም። ሁለት ደቂቃ ይበቃሃል፦ አሁን ምን ላይ እንዳለህ፣ ከዚህ ሥራ ጋር የሚገናኝ ምን እንደሠራህ፣ ይህን ሥራ ለምን እንደፈለግኸው። አዲስ ተመራቂ ከሆንክ የመውጫ ፈተና ውጤትህንና አጠቃላይ ነጥብህን እስኪጠይቁህ አትጠብቅ፣ ራስህ ተናገር።

እዚህ ላይ ነው «እኔ» ማለትን መልመድ ያለብህ። «ቆጠራ እናካሂድ ነበር፣ ልዩነት ሲገኝ እናስተካክል ነበር» ብትል፣ ጠያቂው አንተ ቆጣሪ ትሁን አስተባባሪ ወይም ተመልካች ሊያውቅ አይችልም። ይልቁንስ እንዲህ በል፦ «የመጋዘኑን ቆጠራ የማስተባብረው እኔ ነበርኩ። በቢን ካርዱና በመደርደሪያው መካከል ልዩነት ሲመጣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22ን አንድ በአንድ አመሳከርኩ። አንድ ገቢ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ደረሰኝ ሲመዘገብ ምልክት እንዲደረግበት ሐሳብ አቅርቤ ተቀባይነት አገኘ።» ይህ ጉራ አይደለም። የሆነውን መናገር ነው፤ ጉራ የሚሆነው ያልሆነውን ስትጨምርበት ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በል፦ ምን ገጠመህ፣ ምን ይጠበቅብህ ነበር፣ አንተ ምን አደረግህ፣ ምን ውጤት መጣ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች «እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሞህ ያውቃል? ምን አደረግህ?» እያሉ የሚጠይቁት ይህንኑ ለመስማት ነው። እንዲህ ያሉ ሦስት ታሪኮች አዘጋጅ፦ አንድ የተሳካልህ፣ አንድ ከሰው ጋር ያልተግባባህበት፣ አንድ ያበላሸኸውና ያስተካከልከው። አብዛኛው ጥያቄ ከሦስቱ ከአንዱ አያልፍም። ቃል በቃል ግን አትሸምድደው፤ የሸመደደ ሰው መሀል ላይ ሲያቋርጡት መመለሻ ያጣል።

ጥያቄው በእንግሊዝኛ ከመጣ በእንግሊዝኛ ጀምር። ሐሳቡ አልወጣ ካለህ «ይህን በአማርኛ ባስረዳ ይፈቀድልኛል?» በል። ጥያቄው ካልገባህም «እባክዎ ይድገሙልኝ» ማለት ነጥብ አያስቀንስም፤ ያልተጠየቀውን መመለስ ግን ያስቀንሳል።

4. አጫጭሮቹ ወጥመዶች

«ድክመትህ ምንድን ነው?» ሲሉህ «ሥራ ማብዛቴ» አትበል፣ ሰልችቷቸዋል። እውነተኛ ግን ሥራውን የማያፈርስ ነገር ምረጥና ምን እያደረግህበት እንደሆነ ጨምር። «ከአምስት ዓመት በኋላ የት ትሆናለህ?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ውጭ ትሄድብናለህ ወይ?» ማለት ነው፤ መልስህ በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ልትደርስበት በምትችለው የሥራ መደብ ላይ ይሁን። «ዲግሪ ይዘህ ለዚህ ሥራ ለምን አመለከትክ?» ካሉህ ከዚህ መደብ የምትማረውን አንድ ነገር በስሙ ጥቀስ።

«ለምን ለቀቅህ?» ሲባል የቀድሞ አለቃህን አታንሣ፣ እውነት ቢሆንም። የሰው ሀብት ሠራተኞች ይተዋወቃሉ። «መቼ መጀመር ትችላለህ?» ሲሉህ ሥራ ላይ እያለህ «ነገ» ማለትም ራሱን የቻለ ስህተት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ነገ እመጣለሁ የሚል ሰው እነሱንም አንድ ቀን እንዲሁ ጥሏቸው እንደሚሄድ ያስባሉ። «ማስጠንቀቂያዬን ሰጥቼ፣ መልቀቂያ ይዤ» በል።

ለገንዘብ ያዥነት፣ ለንብረት ክፍልና ለሾፌርነት የምታመለክት ከሆነ «ዋስ ማቅረብ ትችላለህ?» የሚል አለ። ዋስ የሚሆንህን ሰው አስቀድመህ ሳትጠይቅ አዎ እንዳትል። ዋሱ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ማጻፍ ሊኖርበት ይችላልና ነገሩን በደንብ አስረዳው።

5. መጠየቅ የሌለበት ሲጠየቅ

እህቴ፣ «አግብተሻል? ልጅ ለመውለድ አስበሻል?» ሊሉሽ ይችላሉ። ሕጉ ሴት ሠራተኛ በፆታዋ ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግባት ይከለክላል፤ የወሊድ ፈቃድም ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። ይህን ማወቅሽ የሚጠቅምሽ እዚያው ለመከራከር ሳይሆን እንዳትደነግጪ ነው። አትዋሺ፣ ዝርዝር ውስጥም አትግቢ። «ሥራው የሚጠይቀውን ሰዓት ሙሉ በሙሉ መሥራት እችላለሁ፤ ባለፈው ሥራዬም እንዲሁ ነበር» ብለሽ ወደ ሥራው መልሺያቸው። ስለ ብሔርና ስለ ሃይማኖትም ቢመጣ መንገዱ ያው ነው፦ አጭር መልስ፣ ከዚያ ወደ ሥራው። የአዋጁ አንቀጽ 14 አሠሪ በእነዚህ ምክንያቶች አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል።

6. «ስንት ይከፈልህ?»

አሁን በደንብ አንብብ፤ ሌላውን ሁሉ አሳምሮ መልሶ እዚህ የሚወድቅ ብዙ ነው።

ማስታወቂያው «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይላል። ስምምነት እንዲኖር ደግሞ ከአንተም በኩል ቁጥር ያስፈልጋል። መሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ስኬል ካለው «የዚህ ደረጃ መነሻ ስንት እንደሆነ ብትነግሩኝ» ማለት ይቻላል። ስኬል የሌለው የግል ድርጅት ሲሆን ግን «እንደ ድርጅቱ አሠራር» የሚል መልስ «ዝቅተኛውን ስጡኝ» ማለት ነው፤ የሚሰጡህም እሱኑ ነው።

ከዚህ የከፋው ወጥመድ ቁጥር ጠርቶ ያልተጣራ ይሁን የተጣራ አለመናገር ነው። አንተ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ታክሲ እያሰብክ፣ እጅህ ላይ የሚገባውን ቆጥረህ «15 ሺህ» ትላለህ። እነሱ ቅጹ ላይ 15,000 ብለው ይጽፋሉ፤ የሚጽፉት ግን ያልተጣራውን ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ከደመወዝ እስከ 2,000 ብር ድረስ ያለው ነፃ ነው፣ ከዚያ መጣኔው በደረጃ እየወጣ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ጡረታ ደግሞ ከአንተ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። ስለዚህ ከ15,000 ብር ላይ ግብሩ 3,200፣ ጡረታው 1,050 ይሆንና እጅህ የሚገባው 10,750 ብር ነው። ልዩነቱን የምታየው የመጀመሪያ ደመወዝህን ስትቀበል ነው፤ በዚያን ጊዜ ውሉ ተፈርሟል።

ውል ስትፈርም አስተካክላለሁ ብለህ አታስብ። ቁጥርህ ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ቁጥር ጎን ተጽፎ ለኃላፊው ቀርቧል፤ ኋላ ስትጨምርበት ቃሉን ያጠፈ ሰው ትመስላለህ። የተጣራ ነው ብለህ ካልተናገርክ ደግሞ የምትከራከርበት ነገር የለም። ስለዚህ «ያልተጣራ» የሚለው ቃል ከቁጥሩ በፊት ከአፍህ ይውጣ።

አቋራጭ መንገድ ልንገርህ። እጅህ እንዲገባ ከምትፈልገው ላይ 2,050 ቀንስና የቀረውን ለ0.58 አካፍል። 15,000 የተጣራ ከፈለግህ 12,950 ለ0.58 ሲካፈል 22,328 ገደማ ይመጣል፤ የምትጠራው ቁጥር ይህ ነው። ስሌቱ የሚሠራው የምትፈልገው የተጣራ ከ10,170 ብር በላይ ሲሆን ነው፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ያልተጣራው ከ14,000 ያልፋል። ቤት ሆነህ በስልክህ አስልተህ ቁጥሩን ይዘህ ግባ።

«ከ18 እስከ 22 ሺህ» የሚለውን አነጋገር የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልወደውም። ጠያቂው የሚይዘው 18ቱን ነው። አንድ ቁጥር ጥራ፦ «ያልተጣራ 22 ሺህ 500 ብር እጠብቃለሁ። የትራንስፖርት አበል ካለ ለብቻው ብንነጋገር ደስ ይለኛል።» ከዚያ ዝም በል። ዝምታው ሲከብድህ «ግን ካልተቻለ…» ብለህ ራስህ እንዳትቀንስ። እነሱ ከቀነሱ ያን ጊዜ ትነጋገራለህ።

የቀድሞ ደመወዝህን ሲጠይቁ አታሳድገው። ሕጉ የሥራ ልምድ ማስረጃ ላይ የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ እንዲጻፍ ያዛል፤ ወረቀቱ ሲመጣ ይታያል። «የነበረኝ ይህ ነው፤ አሁን የምጠይቀው ኃላፊነቱ ስለጨመረ ነው» ማለት በቂ ነው።

7. «አንተስ ጥያቄ አለህ?»

«የለኝም» አትበል። የሙከራ ጊዜውን ጠይቅ፦ በሕግ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ካልበቃህ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ሊያሰናብቱህ ይችላሉ። ስለዚህ «በእነዚያ 60 ቀናት ውስጥ ከእኔ ምን ይጠበቃል?» ብለህ ጠይቅ። ይህ ጥያቄ ከማንኛውም ምስጋና ይልቅ ሥራውን እንደምትፈልገው ያሳያል። ከዚያ አመስግነህ ውጣ።

ማታ ላይ ሦስቱን ታሪኮችና ያንን አንድ ቁጥር ድምፅህን ከፍ አድርገህ ለወንድምህ ወይም ለጎረቤትህ ተናገር። በልብ የተለማመዱት መልስ አፍ ላይ ሲደርስ ይጠፋል።

በመጨረሻ፣ ሥራ ይዛችሁ ይህን ለምታነብቡ ታላላቆች አንድ ነገር ልለምናችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ደመወዙን አይናገርም፤ በዚህም ምክንያት የሰፈራችን ተመራቂ ትክክለኛውን ዋጋ ሳያውቅ ጠያቂዎቹ ፊት ይቀርባል። ታናናሾቻችሁ ሲጠይቋችሁ የምትሠሩበት መደብ ስንት እንደሚከፈለው፣ ያልተጣራውንና የተጣራውን ለይታችሁ ንገሯቸው።