የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጥገና ቤት ለምን ቅርስ ይባላል?

ቅርስ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ አሳባችን የሚመጣው ግንብ፥ መስጊድ፥ ቤተ ክርስቲያንና የብራና መጽሐፍ ነው። እኛ የሐረር ልጆች ደግሞ በሸዋ በር ስንገባና ስንወጣ የምናየው የጀጎል ግንብ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስለ ተመዘገበ፥ ሌላ ቅርስ መፈለግ ትርፍ ነገር ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ዘይትና የብረት ብናኝ ያለበት የሥራ ቤትም ቅርስ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ምሳሌዬም የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጥገና ቤት ነው።

አስቀድሞ ታሪኩን ባጭሩ እንመልከት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ለማሠራት ፈቃድ የሰጡት ለስዊሱ ተወላጅ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ከጅቡቲ የሚነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር እንዲመጣ ታስቦ ነበር፤ ዳሩ ግን ተራራውን መውጣቱ ከባድ ስለ ሆነ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በደረሰበት ሜዳ ላይ ከተማ ተቈረቈረ፤ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተባለ። ይኸውም የዛሬው ድሬዳዋ ነው። ስለዚህ ያ ጥገና ቤት ለሐረር ሰው ባዕድ አይደለም። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ ዋናው የጥገና ሥራ ግን በድሬዳዋ ጸና።

የጥገና ቤቱ ጥቅም ምን ነበር? ባቡሮቹ የተሠሩት በአውሮፓ ነው። አንድ ዕቃ በተሰበረ ቍጥር ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ቢጠበቅ ጉዞው ይቆማል። ባቡሩ ካረጀም በኋላ ያንኑ ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ አይገኝም። ስለዚህ ብረቱን እዚያው አቅልጦ፥ ቀጥቅጦና በቶርኖ አስተካክሎ መሥራት ግድ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ቤቱን ስጎበኝ ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ የመንኮራኩር ጥገና ነው። በአሮጌ ባቡሮች ላይ የመንኮራኩሩ ውጫዊ ክፍል እንደ ቀለበት ያለ ብረት ነው። ከሐዲዱ ጋር ሲፋተግ ቅርጹ ይበላሻል። ያን ጊዜ ሁለቱ መንኮራኩሮች ከነዘንጋቸው በትልቅ ቶርኖ ላይ ተጭነው ቅርጹ እስኪመለስ ድረስ ይላጣሉ። ቀለበቱ እጅግ ከሳሳ ግን ወልቆ በአዲስ ይተካል። አዲሱ ቀለበት በጥቂቱ ጠበብ ተደርጎ ይሠራል፤ በእሳት ሲግል ይሰፋል፤ በመንኮራኩሩ ላይ ይጠለቃል፤ ሲቀዘቅዝም ተሰብስቦ አጥብቆ ይይዛል። ይህ በፊዚክስ ክፍል «ብረት ሲሞቅ ይሰፋል» ተብለን የተማርነው ነው። እኛ ይህን በአንድ መሥመር ጽፈን እናልፋለን፤ ሠራተኛው ግን ብረቱ ከእሳቱ የሚነሣበትን ጊዜ ለመለየት ብዙ ዓመት ዓይኑን ማስለመድ አለበት።

እንግዲህ ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ግንብ ጠባቂ ካገኘ ለብቻው ይቆማል። የጥገና ቤት ግን ግማሹ በብረት፥ ግማሹ በሰው እጅ ውስጥ ያለ ቅርስ ነው። በጀጎል ውስጥ «መኪና ግርግር» የተባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው፤ ሰፊዎቹ ቢጠፉ ስሙ ብቻ ይቀር ነበር። ለጥገና ቤቱም የሚያሰጋው ይኸው ነው። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአሮጌው 1,000 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አሮጌዎቹ ባቡሮች በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄዱ አይችሉም።

አንዳንድ ሰው «ሥራ የሌለው ብረት ተሽጦ ለሌላ ጥቅም ይዋል» ይል ይሆናል። አሳቡ ፈጽሞ የሚናቅ አይደለም፤ ድሀ አገር ሁሉን ነገር ሊያስቀምጥ አይችልም። ነገር ግን በሕንድ አገር ያለው የዳርጂሊንግ ጠባብ ሐዲድ በ1992 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፥ በእንፋሎት የሚሄዱ ባቡሮቹ ጎብኚ ይጭናሉ። ይህም የሚሆነው ባቡሮቹን የሚጠግን ባለሙያ ስላለ ነው።

በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች መደረግ አለባቸው። አንደኛ፥ መኪናዎቹና ዕቃዎቹ ተቈጥረው ይመዝገቡ። ሁለተኛ፥ ንድፎቹና ዕቃ ሲቀልጥ ለቅርጽ ማውጫ የሚያገለግሉት የእንጨት ሞዴሎች ይጠበቁ፤ ሞዴሉ ለማገዶ ከሄደ የዕቃው ቅርጽ አብሮ ይጠፋልና። ሦስተኛና ዋናው፥ የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሽማግሌዎቹ ሠራተኞች ሳሉ ከእነርሱ ይማሩ። መኪናውን ዘይት ቀብቶ ማቆየት ይቻላል፤ የሠራተኛው ዕውቀት ግን ተማሪ ካላገኘ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።