አዲስ የገባ ኮራል ለምን ይነጣል?

በሐረርና በድሬዳዋ አካባቢ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን ይህን ምድር ሸፍኖ በነበረ ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ነው። ዛሬ ግን ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,880 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ሕያው ኮራል ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ መውረድ፣ አለዚያም ባሕሩን በመስታወት ገንዳ ውስጥ በትንሹ መሥራት ይኖርበታል። ሁለተኛውን መንገድ የሚመርጡ ሁሉ የሚገጥማቸው አንድ ችግር አለ፤ ወደ ገንዳው የገባው አዲስ ኮራል በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀለሙን ለቆ ይነጣል። በዚህ ጽሑፍ በአንድ የጀጎል ቤት ውስጥ 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ እንዳለ አድርገን በማሰብ የችግሩን መንስኤ ለይቶ የማወቂያውን ዘዴ እንመለከታለን።

መንጣት ምን ማለት ነው?

ኮራል እንስሳ ነው። በሕዋሳቱ ውስጥ ግን ጥቃቅን ዋቅላሚዎች፣ በተለምዶ አልጌ የምንላቸው፣ ተጠልለው ይኖራሉ። እነዚህ በብርሃን አስተፃምሮ የሚያዘጋጁት ምግብ ኮራሉ ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ ሊሸፍን ይችላል። ብርሃኑ ወይም ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ የዋቅላሚዎቹ አስተፃምሮ ይዛባና ሕዋስን የሚጎዱ የኦክስጅን ዓይነቶችን ማመንጨት ይጀምራሉ፤ ኮራሉም ያስወጣቸዋል። ሥጋው ብርሃን አስተላላፊ በመሆኑ ከሥሩ ያለው ነጭ አጽም ገሃድ ይወጣል።

እንግዲህ የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፤ ተርቧል እንጂ። በማጉያ መነጽር ሲታይ ሥጋው በአጽሙ ላይ ካለና በሌሊት ቀንዶቹን የሚዘረጋ ከሆነ የመዳን ተስፋ አለው። ሥጋው ተልጦ ባዶ አጽም ከቀረ ግን ችግሩ መንጣት ሳይሆን ሌላ ነው።

የነጣው የትኛው ጎን ነው?

ወደ መብራቱ የዞረው ጎን ነጥቶ ጥላ ያረፈበት ጎን ቀለሙን ከጠበቀ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ብርሃን ነው። ከአንድ ነጥብ የሚፈልቅ ብርሃን ጥንካሬው ከርቀቱ ካሬ ጋር በተገላቢጦሽ ይለዋወጣል፤ ርቀቱ ከ40 ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ሲቀንስ ጥንካሬው አራት እጥፍ ይሆናል። ሌንስ ባላቸው መብራቶችና ብርሃን በሚያንጸባርቅ መስታወት መካከል ስሌቱ በትክክል ባይሠራም አቅጣጫው ያው ነው። ዓይናችን ራሱን ከብርሃን ጋር ስለሚያለማምድ ልዩነቱን አሳንሶ ያሳየናል። ስለዚህ በመሣሪያ መለካት ይገባል። የተንቀሳቃሽ ስልክ ብርሃን መለኪያ ፍጹም ልኬት ባይሰጥም በአንድ መብራት ሥር ያሉ ሁለት ቦታዎችን ለማነጻጸር ይረዳል።

መፍትሔው ኮራሉን ወደ ገንዳው ወለል ማውረድ ወይም የመብራቱን ኃይል መቀነስ፣ ከዚያም በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ማለማመድ ነው።

ሁሉም ጎን እኩል ከነጣስ?

ይህ ሲሆን ሙቀትንና ጨዋማነትን እንመርምር። አብዛኞቹ የገንዳ ኮራሎች ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይስማማቸዋል። ከመጠን ያለፈ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ብርድም ያነጣል። የጀጎል ቤት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀንና የሌሊቱን ልዩነት ያጠብባል፤ ሆኖም የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ ቢሆን ገንዳው ያለ ማሞቂያ አይዘልቅም።

ባለ 100 ዋት ማሞቂያ ሳያቋርጥ እየሠራ ውኃውን በ26 ዲግሪ ይዞታል እንበል። የ200 ሊትር ውኃን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ለመለወጥ 840 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ በ100 ዋት ፍጥነት የሚባክነው ሙቀት የመጀመሪያውን ዲግሪ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይወስዳል፤ ውኃውና ክፍሉ ሲቀራረቡ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ከ8 ሰዓት በኋላ ውኃው ወደ 23.4 ዲግሪ ይወርዳል። ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መሸፈን ጊዜውን ያራዝማል።

ፓምፑም አብሮ ስለሚቆም የኦክስጅን ነገር ይከተላል። በሐረር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ በውኃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ እዚህ ከቆላው ይልቅ ያስፈልጋል።

ጨዋማነቱ በአንድ ኪሎ ግራም ውኃ 35 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ሲተን የሚሄደው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው ይቀራል። ከ200 ሊትር 10 ሊትር ቢተን 35ቱ ወደ 36.8 ይደርሳል። የሚጨመረውም የተጣራ፣ ጨው አልባ ውኃ ይሁን። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ የጉድጓድ ውኃ ካልሲየምና ካርቦኔት ይዞ ስለሚመጣ የገንዳውን ሚዛን ያዛባል።

ንጽሕናም ሲበዛ ይጎዳል

ብርሃኑ፣ ሙቀቱና ጨዋማነቱ ደህና ሆነው ኮራሉ በዝግታ ከገረጣ ናይትሬትና ፎስፌት ይለኩ። ዋቅላሚዎቹ ሁለቱንም በጥቂቱ ይፈልጋሉ። አዲስና እጅግ የተጣራ ገንዳ እነዚህን ከናካቴው ሊያሳጣቸው ይችላል። በተለይ ናይትሬት በዝቶ ፎስፌት ሲጠፋ ኮራሉ ለመንጣት ይጋለጣል።

አንድ ጊዜ፣ አንድ ለውጥ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለሦስተኛ ዲግሪ በውጭ አገር ሳለ ይንከባከበው በነበረ ገንዳ ውስጥ የነጣ ኮራል አየና በአንድ ቀን መብራቱን ቀነሰ፣ ውኃውን ለወጠ፣ ማሞቂያውንም ዝቅ አደረገ። ኮራሉ በሳምንቱ ሞተ። እስከ ዛሬ የሚቆጨው ታዲያ መሞቱ ብቻ አይደለም፤ ምን እንደገደለው ሳይታወቅ መቅረቱም ጭምር ነው። ሦስት ተለዋዋጮችን በአንድ ጊዜ የነካ ተመራማሪ ከውጤቱ የሚማረው የለም። መጀመሪያ ይለካ፣ ይጻፍ፤ ከዚያ አንዱ ብቻ ይለወጥና ጥቂት ቀናት ይጠበቅ። ኮራሉ ቀለሙን ለመመለስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል።

ይህ ትዕግሥት ከገንዳውም ያለፈ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1998፣ በ2010 እና ከ2014 እስከ 2017 የዓለም ኮራሎች በጅምላ ነጥተዋል፤ አራተኛው ዓለም አቀፍ መንጣትም በሚያዝያ 2024 ይፋ ሆኗል። በገንዳችን ውስጥ ማሞቂያውን የምናስተካክለው እኛ ነን፤ የባሕሩን ማሞቂያ ከፍ ያደረግነውም እኛው ነን።